ምልክት ወይስ መልእክት?

ጥያቄ፦ ስለ ነፍሰ ጡር እናቶች ጤና አንድ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። ፕሌትሌቶች (ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ጥቃቅን የደም ሕዋሳት) የሚለቋቸውን፣ በእንግሊዝኛ «ሲግናሊንግ ሞለኪውልስ» የሚባሉትን፣ «የምልክት ሞለኪውሎች» ብል ያስኬዳል?

መልስ፦ አያስኬድም። እስቲ ይህን ያንብቡት፦ «በፕሪኤክላምፕሲያ ጊዜ የፕሌትሌት ምልክቶች ይጨምራሉ»። ፕሪኤክላምፕሲያ በእርግዝና ጊዜ የሚመጣ የደም ግፊት ሕመም ነው። ታዲያ ምን ገባዎት? እኔ የታየኝ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ነው። በሕክምና አማርኛ «ምልክት» ለሕመም መገለጫ የተያዘ ቃል ነው። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የደም ግፊቷ 140/90 የደረሰ፣ ሽንቷ ውስጥም ፕሮቲን የተገኘ እናት ምልክት አላት እንላለን።

ከፕሌትሌት ሞለኪውሎች አንዱ የሆነውን ትሮምቦክሴንን ግን ማንም አይሰማውም። ፕሌትሌቱ ሲነሣሣ ይለቀዋል፤ ባልንጀሮቹን «ተሰብሰቡ»፣ የደም ሥሩን «ጠበብ በል» ይላል። ከደም ሥሩ ግድግዳ የሚወጣው ፕሮስታሳይክሊን ደግሞ «ተበተኑ፣ ሰፋ በል» ብሎ ይመልሳል። በጤናማ እርግዝና የፕሮስታሳይክሊን ቃል ያይላል። በፕሪኤክላምፕሲያ ሚዛኑ ወደ ትሮምቦክሴን ያጋድላል። ለተጋላጭ እናቶች በትንሽ መጠን አስፒሪን የሚታዘዘውም ትሮምቦክሴንን ለመቀነስ ነው። ታዲያ ይሄ መላላክ አይደለም?

ስለዚህ «መልእክት»። ሥሩ ግእዙ «ለአከ» ነው። ላከ፣ ልኡክ፣ ተላላኪ፣ መልአክ ሳይቀር የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። እግረ መንገዴን፣ በዐይኑ ዐ «መልዕክት» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው፤ ሥሩ ላይ ያለው አልፋው አ ነዋ! ዛሬ ሁሉም በዐይኑ እንደሚጽፈው አውቃለሁ። ተሸንፌያለሁ፤ እኔ ግን አልጽፈውም።

«ሲግናል ምልክት ነው፤ የትራፊኩስ?» የሚሉኝ አሉ። ለትራፊክ ይሁን። መብራቱ እንደቆመ ነው የሚታየው። ሞለኪውሉ ግን ከአንዱ ወጥቶ ሌላው ላይ ያርፋል። ወጥቶ የሚሄድ መልእክተኛ ነው።

እኔን ቢጠይቁኝ «ላእክ ሞለኪውል» ቢባል ነበር ደስ የሚለኝ። አጭር ነው፣ ያምራል። አንድ ጊዜ ጽፌው አራሚው «ልክ ሞለኪውል» አድርጎ መለሰልኝ። ከዚያ ወዲህ እኔም እንደ ሰዉ «መልእክት አስተላላፊ» እላለሁ፤ መርዘሙ ቢያናድደኝም።

ዓረፍተ ነገርዎን እንዲህ ያድርጉት፦ «በፕሪኤክላምፕሲያ ጊዜ የመልእክት አስተላላፊ ሞለኪውሎች ሚዛን ይዛባል»። ፕሌትሌትንም «ደም አርጊ» ቢሉልኝ ደስታዬ ነው። ከ«ረጋ» የመጣ ነው፤ የ«እርጎ» እኅት።