አሞክሳሲሊን ሳልወስድ ባክቴሪያው እንዴት ተላመደው?

ጥያቄ፦ የሽንት ካልቸር (ባክቴሪያን አሳድጎ የመለየት ምርመራ) ውጤቴ «ኢ. ኮላይ፤ አሞክሳሲሊንን ተላምዷል» ይላል። መድኃኒቱን ወስጄ አላውቅም። ላቦራቶሪው ተሳስቶ ይሆን? (ከከዚራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ የግድ አይደለም። መድኃኒቱን የሚላመደው ባክቴሪያው እንጂ የእርስዎ ሰውነት አይደለም። ባክቴሪያዎች ዘረመል እንደሚቀባበሉ ተመራማሪዎቹ ሌደርበርግና ቴተም በ1946 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። እንዲህ ከሌላ ባክቴሪያ የሚደርሰው፣ ፕላዝሚድ የሚባለው የዲኤንኤ ቀለበት ቤታላክታሜዝ የተባለ ኢንዛይም የሚያሠራ ጂን ከያዘ፣ ኢንዛይሙ አሞክሳሲሊኑን ይሰብረዋል።

ስህተት ግን ይኖራል፤ በድሬ ሙቀት እኛን የላቦራቶሪ ሠራተኞችን የሚያሳስበን የመድኃኒት ዲስኩ፣ ማለትም ባክቴሪያው በሚበቅልበት ሳህን ላይ የሚቀመጠው መድኃኒት የያዘ ትንሽ ክብ ወረቀት ነው። ከፍሪጅ እንደወጣ የዲስኩ ዕቃ ከተከፈተ ዲስኩን ጤዛ ይይዘዋል፣ ኃይሉ ይደክማል። ያኔ በ35 ዲግሪ ከ16–18 ሰዓት በኋላ በዲስኩ ዙሪያ የሚለካው ባክቴሪያ ያልበቀለበት ክብ ይጠብና ያልተላመደውም የተላመደ ይመስላል። ስለዚህ ዕቃው የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ተከድኖ ይቆይ። እርስዎ ውጤቱን ይዘው ሐኪምዎን ያማክሩ፤ ከፋርማሲ በግምት አይግዙ።