ባለ 20 አሃዙን ቁጥር ለመበተን ማካፈል አያስፈልግም

እህቴ፣ የ10ኛ ክፍል ልጅሽ 18,446,744,073,709,551,615ን በብቸኛ ቁጥሮች (ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ለሌላ በማይካፈሉ ቁጥሮች) ብዜት ጻፍ ተብሎ፣ የስልኩ ካልኩሌተር ግን ቁጥሩን አሳጥሮ እያሳየ እንዳስቸገረው ጽፈሻል። መምህሩ ልጆቹን ሊያሰቃይ ያመጣው እንዳይመስልሽ። እኔም እዚህ ጅማ ማጠናከሪያ ሳስተምር ይህንኑ ቁጥር ደጋግሜ ሰጥቻለሁ።

አብዛኛው ተማሪ ዘሎ ማካፈል ይጀምራል። 3 ይሠራል፤ አሃዞቹ ሲደመሩ 87 ናቸው። መጨረሻው 5 ስለሆነ 5ም ይሠራል። ከዚያ 7፣ 11፣ 13 እያለ ይደክመዋል። ብልጥ ነኝ ያለው ደግሞ ኤክሴል ላይ ይጽፈዋል። ኤክሴል ከ15 አሃዝ በኋላ ያለውን በዜሮ ስለሚተካ፣ ልጁ "ቲቸር፣ ለ100,000 ይካፈላል!" ብሎ እየሮጠ ይመጣል።

ልጅሽ መጀመሪያ 1 ይጨምርበት። የሚያገኘው 2⁶⁴ ነው፤ 2 ስድሳ አራት ጊዜ ሲባዛ ማለት ነው። ስለዚህ የተሰጠው ቁጥር 2⁶⁴ − 1 ነው። 99 ማለት 10² − 1፣ ማለትም (10 − 1) × (10 + 1) = 9 × 11 እንደሆነ ያውቃል። ይሄም ያው ነው፦ (2³² − 1) × (2³² + 1)። የግራው በዚሁ መንገድ እንደገና በሁለት ቁጥሮች ብዜት ይጻፋል፣ እንደገናም። መጨረሻ ላይ ይህ ይቀራል፦

3 × 5 × 17 × 257 × 65,537 × 4,294,967,297

እዚህ ጋ ብዙዎቹ እስክሪብቶ ያስቀምጣሉ። ወጥመዱም እዚሁ ነው። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ የመጨረሻው፣ ማለትም 2³² + 1፣ ግን አይደለም። በነገራችን ላይ ታላቁ የሒሳብ ሊቅ ፌርማም በ17ኛው ክፍለ ዘመን ብቸኛ ነው ብሎ ያምን ነበር። ሌላው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር ነው በ1732 እ.ኤ.አ. 641 × 6,700,417 መሆኑን ያሳየው፤ እነዚህ ሁለቱ ብቸኛ ናቸው።

ልጁ "641 ከየት መጣ?" ማለቱ አይቀርም። እኔ በጣም የምወደው ይሄን ክፍል ነው። 641ን በሁለት መንገድ ይጻፈው፦ 5 × 2⁷ + 1 እና 5⁴ + 2⁴። ከመጀመሪያው፣ 5 × 2⁷ ለ641 ሲካፈል ቀሪው −1 ነው፤ 641 ለመሙላት 1 ይጎድለዋል ማለት ነው። አራት ጊዜ በራሱ ቢባዛ ምልክቱ ይጠፋል፤ የ5⁴ × 2²⁸ ቀሪ 1 ይሆናል። ከሁለተኛው ደግሞ፣ ድምራቸው 641 ስለሆነ፣ 5⁴ን በ −2⁴ መተካት ይቻላል። ስለዚህ የ −2³² ቀሪ 1 ነው። እንግዲህ 2³² + 1 ለ641 ያለ ቀሪ ይካፈላል። አለቀ፤ አንድም ረጅም ማካፈል የለም።

የተገኙት ሰባት ብቸኛ ቁጥሮች አንዳቸውም አይደገሙም። ስለዚህ የቁጥሩ አካፋዮች በድምሩ 2⁷፣ ማለትም 128 ናቸው። አምስቱን ትንንሾች ብቻ ስታባዣቸው 4,294,967,295 ይመጣል። የሒሳብ ሊቁ የጋውስ ሥራ እንደሚያሳየው ይህን ያህል እኩል ጎንና እኩል ማዕዘን ያለው ቅርጽ በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ ሊሠራ ይችላል። ማን ቁጭ ብሎ እንደሚሠራው እንጃ።

የቁጥሩን ግዝፈት ለማሳየት እኔ በቡና እጀምራለሁ፤ የጅማ ልጅ ቡና አይጠፋበትም። ቼዝ ሰሌዳ ላይ በመጀመሪያው ቤት 1 ፍሬ፣ በሁለተኛው 2፣ ከዚያ 4 እያልን እንሄዳለን። የመጀመሪያው ረድፍ ሲያልቅ 255 ፍሬ ነው፤ ልጆቹ ይስቃሉ። ሰባት ፍሬ አንድ ግራም ነው ብንል፣ 17ኛው ቤት ላይ ድምሩ ከአንድ ፈረሱላ (17 ኪሎ) ያልፋል። 64ኛው ላይ ድምሩ ልክ የልጅሽ ቁጥር ነው፤ ከ2 ትሪሊዮን ቶን በላይ ቡና። ዓለም በዓመት የሚያመርተው ወደ 10 ሚሊዮን ቶን ስለሆነ፣ ከ200 ሺህ ዓመት በላይ ለቅሞ ማለት ነው።

ወረቀቱ ላይ መልሱን ብቻ ሳይሆን 2⁶⁴ − 1 የሚለውን መስመርም ይጻፍ፤ መምህሩ ማየት የሚፈልገው እሱን ይመስለኛል። ከቀለለው 999,999ን ስጪው። በዚሁ መንገድ 999 × 1,001 ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ራሱ ይወጣው።