የቦምብ ገንዘብ ሐዋሳ ሐይቅ ድረስ ይመጣል ወይ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ከሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል ብዙ በማይርቅ ሰፈር ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ሆዴን እያለ ሲያስቸግረኝ አስመረመርኩት፤ ብልሃርዝያ ተባለ። መድኃኒቱን ወስዶ ዳነ። ዓመት ሳይሞላው ደግሞ ተገኘበት። በቀደም በሬዲዮ፣ ለጦር መሣሪያ የሚወጣው የመንግሥት ገንዘብ ወደ ጤና ምርምር ይዙር የሚሉ ሰዎች ውጭ አገር እንዳሉ ሰማሁ። ለባለቤቴ ብነግረው ሳቀብኝ። «አገር ከሌለ ጤና ከየት ይመጣል?» አለኝ። እውነት እንዲህ ተደርጎ ያውቃል? ቢደረግስ እኛ ጋ ምን ይለውጣል?
እናት፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ስለ ልጁ። መድኃኒቱ እምቢ ብሎት አይመስለኝም፤ ውኃው ውስጥ ተመልሶ ገብቶ ነው። ፕራዚኳንቴል የሚባለው ይህ መድኃኒት ሰውነት ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል እንጂ ነገ የሚገባውን አይከለክልም። ትሉ ውኃ ውስጥ ከምትኖር ቀንድ አውጣ ይወጣና በቆዳ በኩል ይገባል። ልጅ ደግሞ በዚህ ሙቀት ሐይቅ አትግባ ቢሉት አይሰማም። (እኔም አልሰማሁም ነበር።) ክትባት እስካሁን የለውም። መድኃኒቱም ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያው እሱ ነው። የምርምር ገንዘብ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ተደርጎ ያውቃል ወይ ላልሽው፣ አዎ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ልጻፍልሽ። አሜሪካኖች ሜሪላንድ ውስጥ ፎርት ዲትሪክ የሚባል የጦር ግቢ አላቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀምሮ በሽታን መሣሪያ ለማድረግ የሚሠራበት ቦታ ነበር። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በ1969 ያን ሥራ አስቆሙ፤ በ1971 የግቢውን ከፊል ለካንሰር ምርምር ሰጡ።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የ1992ቱ ነው። የጡት ካንሰር ያገኛቸው ሴቶች ተደራጅተው ኮንግረሱን የምርምር ገንዘብ አምጣ ብለው ወጥረው ያዙት። የ1990 የበጀት ሕግ ደግሞ በመከላከያና በሌላው በጀት መካከል ግንብ ሠርቷል፤ ከዚያ ወደዚህ ማሻገር ቀላል አይደለም። ሴናተር ቶም ሃርኪን ሁለት እህቶቻቸውን በዚሁ በሽታ አጥተዋል። ግንቡ አልፈርስ ሲላቸው ዞሩት። 210 ሚሊዮን ዶላር እዚያው መከላከያ በጀት ውስጥ እንዳለ፣ ጦር ሠራዊቱ ለሚመራው የጡት ካንሰር ምርምር ተብሎ ጸደቀ። ጄኔራሎች ስለ ጡት ካንሰር ሲሰበሰቡ አስቢው! በኋላም የትኛው ጥናት ገንዘብ ያግኝ ሲባል፣ ከሳይንቲስቶቹ ጋር ከበሽታው የተረፉ ሴቶች ቁጭ ብለው ድምፅ መስጠት ጀመሩ። ቢሮው የት መሰለሽ? ፎርት ዲትሪክ።

ባለቤትሽን አላጣጥልም። ጥበቃ የሌለው አገር ጤና ጣቢያውም ይዘረፋል። ግን ወታደሩን ትጥቅ እናስፈታው ያለ የለም፤ ያ 210 ሚሊዮን በአሜሪካ መከላከያ በጀት ውስጥ ጠብታ ነበር። የአንድ ከባድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ዋጋ ሁለት የተሟሉ ሆስፒታሎች ይሠራል ብለው በ1953 የተናገሩትም የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ናቸው። ጄኔራል ነበሩ፤ መሣሪያ አያውቁም አይባሉም።

የአፍሪካ መንግሥታትም በ2001 አቡጃ ላይ ከበጀታችን 15 በመቶ ለጤና እናውላለን ብለው ቃል ገብተዋል። ቃሉ አለ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ገንዘቡ መጥቶ በዓመቱ ያልቃል። ሠላሳ ዓመት ገደማ ላቦራቶሪ ውስጥ ሠርቻለሁ። ብልሃርዝያን ለመመርመር ሰገራውን በወንፊት ታጠልያለሽ፣ በልክ ቀዳዳ 41.7 ሚሊግራም ትወስጃለሽ፣ በአረንጓዴ ቀለም የተነከረ ሴሎፎን ትጫኚበታለሽ። ከዚያ በማይክሮስኮፕ እንቁላሉን መቁጠር ነው። ጎኑ ላይ እሾህ አለው፤ አንዴ ካየሽው አትረሺውም። የቆጠርሽውን በ24 ስታበዢ በግራም ስንት እንዳለ ታውቂያለሽ። አንድ ጊዜ አንድ ፕሮጀክት መጣና በየወሩ የሐይቁን ዳር ቀንድ አውጣ ያስቆጥረን ጀመር። ቦት ጫማ ተገዛ፣ ደብተር ተገዛ። ሰባት ወር ቆጠርን። ዝናቡ ሲገባ ቁጥሩ ምን ይሆናል የሚለውን ሳናይ ፕሮጀክቱ አለቀ ተባለ። ደብተሩ ዛሬም ቤቴ አለ። ግማሹ ባዶ ነው።

ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዐድዋ ላይ፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ለማየቱ ዐይን በቃቸው። ከዚያ ወዲያ ያለው ግን ዕድሜ ፈጀ፤ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ያገኙት በ1989 ነው። 25 ዓመት! ታዲያ እንዶዱን ሐይቁ ውስጥ እንበትነው እንዳትይኝ። ዓሣም ይፈጃል። ያኔ አሞራ ገደል ምን ይሸጣል? ስንት ይጨመር፣ በየትኛው ዳር፣ በየትኛው ወር የሚለውን የሚመልሰው ዓመት ከዓመት ሳያቋርጥ የሚቆጥር ሰው ነው። እሱ ደግሞ ደመወዝ ይፈልጋል። ሚሳይል የሚሠራ ሰው የዘንድሮ በጀትህ አልቋል ተብሎ መሐል ላይ ሲሰናበት ብዙም አልሰማሁም።

ልጁ መድኃኒቱን ከወሰደ ከወር በኋላ እንደገና ይመርመር። አብረውት የሚዋኙትንም ልጆች አስመርምሩ፣ አለዚያ እሱ ብቻውን ቢታከም ዋጋ የለውም። ሐይቅ ዳር የሚጸዳዳ ካለ ተቆጡ፤ ቀንድ አውጣዋ በሽታውን የምታገኘው ከዚያ ነው። ባለቤትሽ አሁንም የሚስቅ ከሆነ የሰገራውን ዕቃ ላቦራቶሪ እሱ ያድርስ።