የኢንቨርነሱ ቀይ ግንብ፦ ምሽግ ወይስ ፍርድ ቤት?

ጥያቄ፦ በስኮትላንድ በኢንቨርነስ፣ ከኔስ ወንዝ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ የቆመውን ቀይ ግንብ ሳይ የጥንት ነገሥታት ምሽግ መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን ፍርድ ቤት እንደነበረ ሰማሁ። ምሽጉ ወደ ችሎት የተለወጠው መቼ ነው? (አንባቢ፣ ከግላስጎ)

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ሕንፃው ምሽግ ሆኖ አያውቅም፤ ከመሠረቱ የተሠራው ለፍርድ ቤት ነው። ኮረብታው ላይ ግን ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ምሽጎች ሲፈራረቁ ኖረዋል። የመጨረሻውን፣ የመንግሥት ጦር ይዞት የነበረውን፣ የስቱዋርትን ሥርወ መንግሥት ለመመለስ የተነሡት ጃኮባይቶች በ1746 በባሩድ አፈረሱት (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ዛሬ የሚታየው ግንብ ሁለት ሕንፃ ነው። የደቡቡን፣ ማለትም ችሎቱን፣ የኤድንብራው አርክቴክት ዊልያም በርን ነድፎት በ1836 ተጠናቀቀ፤ የሰሜኑን ደግሞ ቶማስ ብራውን ወህኒ ቤት እንዲሆን ነድፎት በ1848 አለቀ። ሁለቱም በቀይ የአሸዋ ድንጋይ ተሠርተው፣ የግድግዳቸው አናት እንደ ጥንት ምሽግ ጥርስ ጥርስ ሆኖ ስለተቆረጠ ከሩቅ የሚያያቸው አንድ ግንብ ይመስሉታል። የበርንን ሥራ ቀረብ ብሎ ለተመለከተ ግን ክቡም አራት ማዕዘኑም ማማ አለ፤ መስኮቶቹም የቀስት መወርወሪያ ስንጥቆች ሳይሆኑ ለጸሐፊና ለዳኛ ብርሃን የሚያስገቡ ሰፋፊ መስኮቶች ናቸው።

የምሽግ መልክ ግዴታ አልነበረም። በርን ሙያውን የተማረው ከሮበርት ስመርክ ነበር፤ ስመርክ ራሱ ለፐርዝ ከተማ የነደፈው ፍርድ ቤት በጥንታዊ ግሪክ ቤተ መቅደስ አምሳል፣ በትላልቅ ዓምዶች የቆመ ነው። ተማሪው ይህን መንገድ ትቶ የምሽግን መልክ መምረጡ፣ በእኔ እምነት፣ ከኮረብታው ታሪክ ጋር የሚስማማ ውሳኔ ነበር፤ ምሽግ ሲፈራረቅበት በኖረ ከፍታ ላይ የግሪክ ዓምድ ባዕድ ሆኖ በታየ ነበር። ከዚህም ሌላ፣ ዳኝነትና እስር ጎን ለጎን በተቀመጡበት ግቢ የሕግ ኃይል ከከተማው ሁሉ እንዲታይ የተፈለገ ይመስለኛል።

በግንቡ ፊት የቆመው ሐውልት የፍሎራ ማክዶናልድ ነው፤ ምሽጉን ያፈረሱት ሰዎች መሪ የነበረውን ልዑል ቻርልስን ከሽንፈቱ በኋላ እንዲያመልጥ የረዳችው እርሷ ናት። የሸሪፍ ፍርድ ቤቱ (ሸሪፍ በስኮትላንድ ዳኛ ነው) እስከ 2020 ድረስ እዚያው ሲያስችል ቆይቶ በከተማዋ ወደተሠራ አዲስ የፍትሕ ማዕከል ተዛውሯል።