«ፈተና ወሰደ» ወይስ «ተፈተነ»?

ጥያቄ፦ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እተረጉማለሁ። «ተማሪዎቹ ፈተና ወሰዱ» ብዬ በጻፍኩ ቁጥር አርታኢዬ በቀይ ያሰምሩበትና «ወዴት?» ብለው በኅዳጉ ላይ ይጽፋሉ። «እርምጃ ወሰደ»፣ «ጊዜ ወሰደ» እየተባለ «ፈተና ወሰደ» የማይባልበት ምክንያት አልታየኝም። መዝገበ ቃላቱም የእንግሊዝኛው «ቴክ» (take) ማለት «ወሰደ» ነው ይላል። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ አርታኢዎ ልክ ናቸው፤ ጥያቄዎ ግን ከእርማታቸው የበለጠ ጥሩ ነው። ጥፋቱን በከፊል በመዝገበ ቃላቱ ላይ ልጣለው። ለአንድ የእንግሊዝኛ ቃል አንድ የአማርኛ ቃል መስጠት ጀማሪን ይረዳል፤ ተርጓሚን ግን ያሳስታል፤ በተለይ ቃሉ እንደ «ቴክ» ፍቺው የበዛ ሲሆን።

ከራሳችን ግስ እንነሣ። «ወሰደ» ውስጥ መሄድ አለ፤ የተወሰደ ነገር ከነበረበት ይርቃል። ጎርፍ ድልድዩን ወሰደው። እንቅልፍ ወሰደኝ። ይህ መንገድ ወደ ወንዙ ይወስዳል። የ«ወሰደ»ን ተቃራኒ ብንጠየቅ ቶሎ የሚመጣልን «አመጣ» ነው እንጂ «ሰጠ» አይደለም፤ የ«ሰጠ» ጥንድ «ተቀበለ» ነው። ስለዚህ «ልጁ ፈተናውን ወሰደው» የሚለውን ሳነብ የሚታየኝ ወረቀቱን በጉያው ሸሽጎ ከክፍል የሚወጣ ልጅ ነው። የአርታኢዎ «ወዴት?» ቀልድ ቢመስልም የግሱን ጠባይ በትክክል የያዘ ጥያቄ ነው።

«ቴክ» ሌላ ተፈጥሮ አለው። ለእንግሊዝኛም ቢሆን መጤ ቃል ነው፤ ከስካንዲኔቪያ የመጡ ሰፋሪዎች ይናገሩት ከነበረው ከጥንታዊው ኖርስ ገብቶ፣ «ኒማን» የተባለውን የጥንት እንግሊዝኛ ግስ ቀስ በቀስ ከቦታው አስለቀቀው። ጀርመኖች ያንኑ ነባር ግስ «ኔመን» እያሉ ዛሬም ይሠሩበታል። በእንግሊዝኛ ውስጥ ደግሞ «ነም» (numb) በሚለው ቃል ተደብቆ ቀርቷል፤ ዛሬ «የደነዘዘ» ማለት ይሁን እንጂ መነሻው «የተያዘ» ነው። አዲሱ መጤ «ቴክ» ዋና ሐሳቡ መጨበጥ፣ በእጅ ማድረግ ነው። ባጭሩ «ወሰደ» የእግር ግስ ነው፤ «ቴክ» የእጅ። ሁለቱ በደንብ የሚገጥሙት እጅ የያዘውን እግር ይዞት ሲሄድ ነው። ከዚያ ውጪ አማርኛ ለየጉዳዩ የራሱን ግስ ይጠራል፦ ማስታወሻ እንይዛለን፣ ፎቶግራፍ እናነሣለን፣ አውቶቡስ እንሳፈራለን፣ ምክር እንቀበላለን፤ ስብሰባ ይካሄዳል። («ተካሄደ» ለማለት የሚውለውን «ቴክ ፕሌስ» (take place) ቃል በቃል መልሶ «ስብሰባው ቦታ ወሰደ» የሚል ትርጉም በዓይኔ አይቻለሁ። የተሰብሳቢው ብዛት ይሆን ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።)

ሌላም ነገር አለ። እንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ ፍቺውን በስሙ ላይ ይጭንና ግሱን ባዶውን ያስከትላል። «ቴክ» ከመታጠብ ወይም ከዕረፍት ስም ጋር ሲመጣ እሱ ራሱ የሚጨምረው ፍቺ የለም ማለት ይቻላል። አማርኛም እንዲህ ያለ ባዶ ግስ አያጣም፤ «ዝም አለ»፣ «ብድግ አለ» ስንል የተናገረ ሰው የለም። ሆኖም ይህን ሥራ የሚሠሩልን በዋናነት «አለ» እና «አደረገ» ናቸው። በዚያ ላይ አማርኛ ሐሳቡን በቀጥታ ከሥሩ ግስ አድርጎ ማውጣት ይቀናዋል፦ ታጠበ፣ አረፈ፣ ተፈተነ። አንድ ቃል የሚበቃውን «ሻወር ወሰደ» ብሎ ማስረዘም ምን ይፈይዳል?

«ተፈተነ መከራ ደረሰበት ማለትም ነው» ይሉኝ ይሆናል። ነው። ግን «በሒሳብ ተፈተነ» እና «በሕመም ተፈተነ» የሚሉትን ማን ያምታታቸዋል? አጠገብ ያለው ቃል ይለያቸዋል። አሁንም ከሠጉ «ለፈተና ተቀመጠ» ይበሉ። ይህም ከእንግሊዝኛ ሳይመጣ አልቀረም፤ አሜሪካውያን ፈተናን በ«ቴክ» ሲናገሩት እንግሊዞች «ሲት»ንም፣ ማለትም «ተቀመጠ»ንም፣ ይጠቀማሉ። ነገር ግን ተፈታኝ በእርግጥ ይቀመጣልና ቃሉ ከአማርኛው ጋር አልተጣላም።

መድኃኒት ላይ ጠንቀቅ ማለት ያሻል። «መድኃኒቱን ወስደሃል?» ሲባል ከመድኃኒት ቤት መቀበል ነው ወይስ መዋጥ? ለበሽተኛ በሚጻፍ መመሪያ ውስጥ ይህ ብዥታ ሊጎዳ ይችላል። ክኒን ይዋጣል፣ ፈሳሽ ይጠጣል፣ መርፌ ይወጋሉ። ዓይነቱ ሳይለይ በጥቅሉ መናገር ግድ ሲሆን ብቻ «መውሰድ»ን እታገሣለሁ፤ ለሁሉም የሚሆን ሌላ ምቹ ቃል አላገኘሁም።

አሁን ወደ ማስረጃዎችዎ። «ጊዜ ወሰደብኝ» አይከፋም፤ ጊዜው ከእኔ ሄዷልና የግሱ ጠባይ አልተነካም። እኔ «ሁለት ሰዓት ፈጀ»ን እመርጣለሁ፤ ይህ ግን የምርጫ ጉዳይ ነው። «እርምጃ ወሰደ» የተለየ ታሪክ አለው። መነሻው የውጭ አነጋገር ቢሆንም እዚህ ከገባ በኋላ የራሱን ፍቺ አብቅሏል። «እርምጃ ተወሰደበት» ስንል ተቀጣ ማለታችን ነው፤ አንዳንዴም ከዚያ የከፋ። ይህን ሁሉ ያሸከመው ያቺ ትንሽ «በት» ናት፤ እሷን ደግሞ ከማንም አልተዋስናትም። ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ቢመልሱት የቅጣቱ ቃና ይጠፋል። እንዲህ ሥር የሰደደውን ሐረግ ለመንቀል መሞከር ትርፉ ድካም ነው።

ስለዚህ በዓረፍተ ነገርዎ «ተማሪዎቹ ተፈተኑ» ይበሉ። አርታኢዎ ነገ «እርምጃ ወሰደ» ላይም ካሰመሩ ግን እኔ ከእርስዎ ጋር ነኝ።