የምርጫ ሥርዓት ይሻሻል ለምትሉ የጎጃም ልጆች፤ ከቀበሌው ጀምሩ

ጥያቄያችሁን ደጋግሜ አነበብኩት። «ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ አካባቢ የመጣን ወጣቶች ነን፤ ገሚሶቻችን ባሕር ዳር እንኖራለን። የምርጫ ሥርዓቱ ወደ ተመጣጣኝ ውክልና እንዲቀየር ሕዝቡን አስተባብረን ክልሉን መጠየቅ እንፈልጋለን። ከየት እንጀምር?» ነው ያላችሁት። ተመጣጣኝ ውክልና ማለት ፓርቲ ባገኘው ድምፅ መጠን ወንበር የሚያገኝበት ሥርዓት ነው። በ2013ቱ ምርጫ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ የመራጮች ትምህርት ስንሰጥ ከነበርነው አንዱ ነኝ። ከዚያ ወዲህም ከአካባቢዬ ሰዎች ጋር አቤቱታ ይዘን ወረዳም ዞንም ክልልም ደጅ ጠንተናል። ያየሁትን ልንገራችሁ። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

መጀመሪያ የጠየቃችሁትን ማን ሊፈቅደው እንደሚችል ለዩ። የተወካዮች ምክር ቤት አባላት በአብላጫ ድምፅ እንደሚመረጡ የተጻፈው በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 ላይ ነው። ከተወዳዳሪዎቹ ብዙ ድምፅ ያገኘው ወንበሩን ይወስዳል፣ ለሌሎቹ የተሰጠው ድምፅ እዚያው ይቀራል። ውጤቱን አይተነዋል። በ2002 ከ547 ወንበር 545ቱን ኢሕአዴግና አጋሮቹ ያዙ። በ2007 ሁሉንም ጠቀለሉት። ሌላ የመረጠ ሰው ስላልነበረ አይደለም። እኔ የማውቃቸው ሌላ የመረጡ ሰዎች ብዙ ናቸው፣ በምክር ቤቱ ግን አንድም ድምፅ አልነበራቸውም። ስለዚህ ጥያቄያችሁ ልክ ነው። በ2009 በተጀመረው የፓርቲዎች ድርድርም ኢሕአዴግና አብረውት የተደራደሩት ፓርቲዎች አብላጫ ድምፅንና ተመጣጣኝ ውክልናን ወደሚያጣምረው ቅይጥ ሥርዓት ለመሄድ ተስማምተው ነበር። ከዚያ አገሩ በሌላ ነገር ተናጠ፣ ስምምነቱም ተዳፍኖ ቀረ።

ነገር ግን የምርጫ ሕግ ማውጣት በአንቀጽ 51 ለፌዴራል መንግሥት የተሰጠ ሥልጣን ነው። ባሕር ዳር ሄዳችሁ «ሥርዓቱን ቀይሩልን» ብትሉ የሚሰጣችሁ መልስ «የእኛ ሥልጣን አይደለም» የሚል ነው። መልሱም እውነት ነው። ያን መልስ ይዛችሁ ገጠር ስትመለሱ ደግሞ ሰው ተስፋ ይቆርጣል፣ ዳግም አይሰበሰብላችሁም።

የክልል ምክር ቤት ሊያደርገው የሚችለው አንድ ትልቅ ነገር አለ። በአንቀጽ 104 መሠረት ከክልል ምክር ቤቶች አንድ ሦስተኛው እያንዳንዳቸው በአብላጫ ድምፅ ከደገፉት፣ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሐሳብ ለሕዝብ ውይይትና ውሳኔ ይቀርባል። ዛሬ ክልሎቹ 12 ናቸው። አራቱ ከተስማሙ ሐሳቡ ይነሳል ማለት ነው። ለማጽደቅ ግን መንገዱ ረጅም ነው። ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ከክልል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛው መቀበል አለባቸው። ይህን ጥያቄ አትተዉት፣ ግን መጀመሪያችሁ አይሁን።

መጀመሪያ መሆን ያለበት የቀበሌና የወረዳ ምርጫ ነው ብዬ አምናለሁ። በክልላችን የአካባቢ ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ2005 ነው። በ2010 መደረግ የነበረበት ተራዘመ፣ ከዚያ እንደተራዘመ ቀረ። ዛሬ 25 ዓመት የሆነው ወጣት የቀበሌ ምክር ቤቱን መርጦ አያውቅም። ማዳበሪያ የሚያከፋፍለው፣ መታወቂያ የሚሰጠው፣ የመሬት ክርክር ላይ ቃሉ የሚሰማው ያ ቀበሌ ነው። የአንድ የደምበጫ ገበሬ ኑሮ ከአዲስ አበባው ወንበር ይልቅ በዚህ ይነካል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። ምርጫውን የሚያካሂደው ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ቢሆንም ስለ ቀበሌና ወረዳ ምክር ቤቶች ሥልጣንና ስለ ወንበራቸው ብዛት ክልሉ ድርሻ አለው። የወንበር ብዛት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በ2000ው የአካባቢ ምርጫ በመላ አገሪቱ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ወንበር ነበር። ያን ያህል እጩ ከገዢው ፓርቲ በቀር ማን ሊያቀርብ ይችላል? ለአንድ ገጠር ቀበሌ የሚበቃው ስንት ተመራጭ ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ባሕር ዳር «አይመለከተንም» የሚላችሁ አይኖርም።

አሁን ወደ ሰዉ ልምጣ። ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው።

የጎጃም ገበሬ መደራጀት ሲባል ወደኋላ የሚለው ፖለቲካ ስለማያውቅ አይደለም። አሳምሮ ያውቃል። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብሩን አንቀበልም ያለው የዳሞትና የሞጣ ገበሬ ነው። ብዙ ሕይወት ጠፍቶበት በመጨረሻ ውዝፉ ተምሯል፣ ጠቅላይ ገዢውም ተነስቷል። ያን ዘመን የሚያስታውሱ አዛውንት ዛሬም አሉ፣ አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ ስሟቸው። ወደኋላ የሚለው የኋላ ኋላ ስለደረሰበት ነው። በ1989 መሬት ሲሸነሸን «ቢሮክራት» (በደርግ ጊዜ ሹመት የነበረው) እየተባለ መሬቱ የተቀነሰበት አባወራ አለ። ከዚያ አምስት አምስት ሰው በአንድ መሪ ሥር የሚያስገባው የመንግሥት አደረጃጀት፣ አንድ ለአምስት፣ መጣ። ስብሰባ የተባለ ሁሉ ወይ መዋጮ ነው ወይ ስም መመዝገቢያ። እናንተ በቅንነት ብትመጡም እሱ የሚያስበው «ይህ ልጅ ማን ልኮት ነው?» ብሎ ነው። ደግሞ ልክ ነው።

ስለዚህ አዲስ ማኅበር አቁማችሁ ሰው አትጥሩ። ሰው ቀድሞ ከተሰበሰበበት ሂዱ። እድር አለ፣ ሰንበቴ አለ፣ የጽዋ ማኅበር አለ፣ የመስኖ ውኃ የሚከፋፈሉ ሰዎች አሉ። ግን የእድር ስብሰባ መሀል ገብታችሁ የፖለቲካ ንግግር አትጀምሩ። ሊቀመንበሩን አስቀድማችሁ አናግሩ። «ጉዳያችን ከተፈጸመ በኋላ ትናገራላችሁ» ካሉ ጠብቁ። እድሩ የማንም ፓርቲ መሣሪያ አይደለም፣ እንዲሆንም አታድርጉት። በመካከላችሁ የፓርቲ አባል ካለ ከመጀመሪያው በግልጽ ይናገር። ሰው ይህን በኋላ ሲደርስበት ነው የሚቀየመው።

እዚያ ስትደርሱ ደግሞ ስለ ተመጣጣኝ ውክልና አታስተምሩ። ጠይቁ። እኛ ስንጠይቅ የሰማነው ከጠበቅነው የተለየ ነበር። አንዲት እናት የምርጫ ጣቢያው ከወንዝ ማዶ ስለሆነ ወንዙ ሲሞላ መሻገር እንዳልቻሉ ነገሩን። በ1997፣ በ2002 እና በ2007 ምርጫው በግንቦት ነበር። የ2013ቱ ግን ሰኔ 14 ቀን ዋለ። ሰኔ በጎጃም የእርሻ ወር ነው። በቆሎው ይታረማል፣ የጤፉ መሬት ይታረሳል፣ መንገዱ ጭቃ ነው። ይህ ለከተማ ሰው ትንሽ ነገር ይመስላል። ለገበሬው ግን መምረጥና አለመምረጥ ነው። የምርጫ ጣቢያ ቦታና የድምፅ መስጫ ቀን የምርጫ ቦርድ ጉዳይ ስለሆነ ይህን ለቦርዱ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት በተለየ ወረቀት አቅርቡት። ከአንዱ ጋር ያለውን ጉዳይ ለሌላው አትስጡ።

ሴቶችን ለብቻ አነጋግሩ። አባወራው ባለበት «እሱ እንዳለው» ይላሉ፣ ለብቻቸው ሲሆኑ ግን ብዙ ይናገራሉ። ይህን ልታደርግ የምትችለው ከእናንተ መካከል ያለች እህት ናት፣ ወንድ ሄዶ አይሆንም።

ፊርማ ማሰባሰብን በተመለከተ አጥብቄ የምናገረው አለኝ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ከእያንዳንዱ ቀበሌ ፊርማ ሰብስቡ እል ነበር። ከ2015 ነሐሴ ወዲህ ግን በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ መካከል ባለው ውጊያ ጎጃም ውስጥ ምን እየሆነ እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። ስም፣ ቀበሌና ስልክ ያለበት ወረቀት ይዛችሁ መንገድ አትውጡ። ወረቀቱ በማን እጅ እንደሚወድቅ አታውቁም። በአንደኛው ወገን እጅ ቢገባ አንድ ትርጉም ይሰጠዋል፣ በሌላው እጅ ቢገባ ሌላ። የሚጎዳው የፈረመው ሰው ነው። የገጠሩን ሰው ሐሳብ ብቻ ያለ ስም ያዙ። ፊርማው ከባሕር ዳር፣ ከአዲስ አበባ፣ ፈቅዶና አስቦበት ከሚፈርም ሰው ይምጣ። በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ስብሰባን አትለጥፉ። የሰው ሕይወት ከየትኛውም የምርጫ ሕግ ይበልጣል። አንድ ቀበሌ «አሁን አትምጡብን» ካለ አትሂዱ።

ሰላማዊ ሰልፍስ ላላችሁት፣ አዋጅ 3/1983 የሚጠይቀው 48 ሰዓት ቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅ ነው። አሁን ባለው ሁኔታ ግን አልመክርም። የመራጮች ትምህርት በስማችሁ መስጠት ካሰባችሁ ደግሞ ከምርጫ ቦርድ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሐሳብ አዘጋጅቶ ለምክር ቤት ማቅረብና የመራጮች ትምህርት መስጠት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፣ አታቀላቅሏቸው።

ቢሮ ስትገቡ ይህን አድርጉ። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አዘጋጁ። አንዱን ለመዝገብ ቤት ስጡ፣ በሁለተኛው ላይ ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን አስጽፉ፣ ማኅተም ይደረግበት። «ተዉልን፣ እናየዋለን» ሲባል ቁጥር ሳትይዙ አትውጡ። አንድ ቢሮ ወረቀታችንን ጠፋ ብሎን ነበር፤ ቁጥሩን ስናሳይ ተገኘ። ለአፈ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ስታስገቡ ግልባጩን ጉዳዩ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴና ከአካባቢያችሁ ለተመረጡት የምክር ቤት አባላት ላኩ። የክልሉ ምክር ቤት 294 ወንበር አለው። የአካባቢያችሁ ተመራጭ ማን እንደሆነ ከእናንተ ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ባሕር ዳር ያላችሁት ይህን የቤት ሥራ ያዙ። ተመራጩን አግኙት፣ ቡና ጋብዙት፣ ጉዳዩን ከእናንተ አፍ ይስማ። ተመራጭን በደንብ የሚያነቃው ከምርጫ ክልሉ የመጣ ሰው ነው።

ከዚያ መልስ ይምጣም አይምጣ ወደ ሰዎቹ ተመለሱ። «አስገብተናል፣ ቁጥሩ ይሄ ነው፣ እስካሁን መልስ የለም» ብላችሁ ንገሯቸው። መሄድ ካልተቻለ ደውሉ። እኛ አካባቢ ሰዎች አብረውን የቆዩት ስላሸነፍን አልነበረም፣ እስካሁንም የጠየቅነው አልተፈጸመም። የቆዩት የሆነውን ሁሉ ስለነገርናቸው ነው። አንድ የሰንበቴ ሙሴ (መሪ) «ወስዶ የጠፋ ብዙ አይተናል፣ እናንተ ተመልሳችኋል» አሉን። ከዚያ በኋላ ሌሎች ሰንበቴዎችን ያገናኙን እሳቸው ናቸው።

ማመልከቻው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ሦስት ነገር ብቻ ጠይቁ፦ የአካባቢ ምርጫ ሁኔታው ሲፈቅድ መቼ እንደሚደረግ ምክር ቤቱ አቋሙን በይፋ ያሳውቅ፤ የቀበሌ ምክር ቤት ወንበር ብዛት ለውይይት ይቅረብ፤ የተመጣጣኝ ውክልና ጉዳይ በአንቀጽ 104 መሠረት በአጀንዳ ይያዝ። ረቂቁን ስትጨርሱ ላኩልኝ፣ አይቼ አስተያየቴን እመልስላችኋለሁ።