የፊርማ ፎቶ ለጥፎ መላክ ይበቃል ወይ?

እህቴ፣ ጥያቄሽ ይሄ ነው፦ ዱባይ ካለ አቅራቢ ጋር ውል በፒዲኤፍ ትለዋወጣላችሁ፤ ሥራ አስኪያጃችሁ ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ነው፤ ፊርማውንና ማህተሙን ስካን አድርጎ መለጠፍ ይበቃል ወይስ ሶፍትዌር ያስፈልጋል? እኔ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ይሄንኑ ሥራ ለዓመታት ስለሠራሁ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

አይበቃም። የተለጠፈ ፊርማ ሥዕል ነው፤ ማንም ቆርጦ ሌላ ወረቀት ላይ ያሳርፈዋል። እኛ ላይ ደርሷል። አንድ ደላላ ከድሮ ውላችን ላይ ፊርማና ማህተማችንን አንስቶ፣ እኛ የማናውቀው ፕሮፎርማ ላይ አድርጎ ለደንበኛችን ላከ። ደንበኛው ደውሎ ባይጠይቀን ኖሮ ብሩ ሄዶ ነበር። ወደ ዲጂታል ፊርማ የዞርነው ያኔ ነው።

በዲጂታል ፊርማ ስትፈርሚ ሶፍትዌሩ ከሰነዱ ሙሉ ይዘት አንድ አሻራ ያሰላል። አሻራውን አንቺ ብቻ በያዝሽው የምስጢር ቁልፍ ይፈርመዋል። ተቀባዩ ደግሞ ለሁሉም በሚሰጠው ይፋዊ ቁልፍሽ ያመሳክረዋል። ከፈረምሽ በኋላ 10,000 ዶላር የነበረው ዋጋ 100,000 ቢደረግ፣ ፋይሉ ፊርማ በሚያመሳክር ሶፍትዌር ሲከፈት ማስጠንቀቂያው ፊት ለፊት ይመጣል።

ለዚህ ነው ቢሮ ውስጥ ሁሌ የምጨቀጭቀው፦ የተፈረመውን ፒዲኤፍ አትሞ መልሶ ስካን ማድረግ አይገባም። ወረቀቱ ላይ የሚመሳከር ነገር የለም። ሂሳብ ክፍል ለፋይሉ ያትም፤ ዋናው ሰነድ ግን ኮምፒውተር ላይ ያለው ነው፤ ቅጂውም ሌላ ቦታ ይቀመጥ። ሁለት ሰው የሚፈርም ከሆነ፣ ሁለተኛው ያንኑ ፋይል ከፍቶ ይፈርም። «ፕሪንት ቱ ፒዲኤፍ» ካደረገው የመጀመሪያው ፊርማ ጠፋ ማለት ነው።

ለጅምሩ ነፃው የፒዲኤፍ ማንበቢያ አክሮባት ሪደር ይበቃችኋል። «ፊል ኤንድ ሳይን» የሚለውን ተይው፤ እሱ ፊርማ መሳያ ነው። በሰርተፊኬት መፈረሚያውን ተጠቀሚ፤ ሰርተፊኬት ማለት ይፋዊ ቁልፉ የማን እንደሆነ የሚገልጽ የኤሌክትሮኒክ መታወቂያ ነው። ሰርተፊኬቱን እዚያው ራስሽ መፍጠር ትችያለሽ፤ ከምስጢር ቁልፍሽ ጋር በይለፍ ቃል የተዘጋ ፋይል ሆኖ ይቀመጣል። ብቻ የተቀባዩ ኮምፒውተር ስለማያውቀው «ፊርማው አልተረጋገጠም» ይለዋል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይደናገጣል። እኛ ከቋሚ አቅራቢዎቻችን ጋር ሰርተፊኬቱን ብቻ፣ ያለ ምስጢር ቁልፉ፣ በኢሜይል ልከን፣ መለያ ቁጥሩን በስልክ አንብበን ካስተያየን በኋላ የታመነ ብለው እንዲመዘግቡት አደረግን። ለአዲስ ሰው እንደ ዶኪዩሳይን ያለው የኢንተርኔት ማስፈረሚያ አገልግሎት ይቀላል፤ ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ኢሜይል እንደፈረመ መዝገብ አብሮ ይሰጣል። ክፍያው በዶላር ነው፤ ነገር ግን የሚከፍለው ሰነዱን የሚልከው ወገን ስለሆነ፣ አቅራቢያችሁ ካለው እሱ ይላክላችሁ።

አንድ ነገር አደራ! ሥራ አስኪያጁ የይለፍ ቃሉን ለጸሐፊ አይስጥ። እኛ አገር ማህተም መሳቢያ ውስጥ ትቶ መሄድ ስለለመድን ይሄም ቀላል ይመስለናል። ቁልፉን የያዘ ሁሉ እሱን ሆኖ ይፈርማል። መወከል ከፈለገ፣ ለተወካዩ በራሱ ስም ሰርተፊኬት ይዘጋጅለት።

ሕጉን በተመለከተ፣ እኛ ጋ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 አለ፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ተከትሎታል። በፊርማው አዋጅ መሠረት የሰርተፊኬት ሰጪዎች የበላይ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር (ኢንሳ) ነው። ዱባይ በኩል ደግሞ በፈረንጆቹ 2021 የወጣው የፌዴራል ሕግ ቁጥር 46 አለ። ራስሽ የሠራሽው ሰርተፊኬት ግን ፈቃድ ያለው ተቋም ከሚሰጠው እኩል ክብደት የለውም፤ ከፍ ያለ ገንዘብ ያለበት ውል ከሆነ ጠበቃ አማክሩ። ቤት ሽያጭና መሰል ሰነድ አሁንም ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዶ ነው። የእኛ ባንክም ባለማህተም ወረቀት ካላየ አይቀበልም፤ የእናንተን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ውሉ ውስጥ «ተዋዋዮቹ በኤሌክትሮኒክ ፊርማ ለመፈረም ተስማምተዋል» የሚል አንቀጽ አስገቡ፤ ፊርማው የሚላክበትን ኢሜይልም ጥቀሱ። ከዚያ ከአቅራቢያችሁ ጋር መጀመሪያ በማይረባ ገጽ ሞክሩት፤ ሁለታችሁም ከፈረማችሁ በኋላ ሁለቱም ፊርማዎች ትክክል ሆነው ከታዩ ዋናውን ላኩ።